ስለ ብቸኛ ቁጥሮችና ስለ ናይሮቢ የፈተና ልማድ

በናይሮቢ ከሚኖሩት ቤተሰቦች መካከል፣ የአገሩ ተወላጅ ቢሆን፣ አያቱ ከሕንድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቢሆን፣ ወይም እንደ ወገኖቻችን ከሰሜን ተሰዶ የገባ ቢሆን፣ ልጁን ለፈተና ሳያዘጋጅ ያሳደገ እምብዛም አይገኝም፤ መቶ ዓመት ያህል በተጠጋው በዚህ የፈተና ልማድ ውስጥም፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ገንዘብና መስፈሪያ ሲለወጥ፣ የትምህርቱ ሥርዓትና የፈተናው ስም ደጋግሞ ሲለወጥ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ የኖረ አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። እርሱም የተሰጠን ቁጥር ወደ ብቸኛ አባዢዎቹ ፈትቶ ከዚያ ትልቁን የጋራ አካፋይ ወይም ትንሹን የጋራ ብዜት ማውጣት ነው። ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ፣ በየዘመኑ ለማን ለማን እንደ ቀረበና ስለ ምን እስከ ዛሬ እንደ ጸና መመርመር የከተማይቱን ታሪክ ከሥሩ ለመረዳት ያግዛል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታትም፣ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ብቸኛ የሚባለው ቁጥር ከአንድ የሚበልጥ ሆኖ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። ከአንድ በላይ የሆነው ሌላው ሙሉ ቁጥር ሁሉ ከእነዚህ ብዜት የተገኘ ሲሆን፣ የተሠራበትም መንገድ ለእያንዳንዱ አንድ ብቻ ነው፤ 360ን አንዱ በ10 ጀምሮ፣ ሌላው በ9 ጀምሮ ቢፈታው፣ ሁለቱም በመጨረሻ የሚያገኙት ሦስት ሁለቶችን፣ ሁለት ሦስቶችንና አንድ አምስትን ነው። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ የብቸኛ ቁጥሮች ብዛት ፍጻሜ እንደሌለው በማያዳግም ማስረጃ አስረድቷል፤ ከእርሱም በኋላ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሹም የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ ቁጥሮችን በተራ ጽፎ የ2ን ብዜት፣ የ3ን ብዜት፣ የ5ን ብዜት እያለ በመሰረዝ ብቸኞቹን ለይቶ የሚያስቀርበትን፣ እስከ ዛሬም በወንፊት ስም የሚጠራውን ዘዴ ለትውልድ ትቷል።

እስክንድርያ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ስም አይደለችም፤ የአጽዋማትና የበዓላት መውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብም በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የሚነገረው የመንበረ ማርቆስ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለነበረው ለድሜጥሮስ ተሰጥቶ ነው። ይህን ሐሳብ ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው፣ ውስጡ በብቸኛ ቁጥሮች ላይ የቆመ ሆኖ ይገኛል። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው፤ የወንጌላውያን ተራ በ4 ዓመት ይመለሳል፤ ፀሐይና ጨረቃም በ19 ዓመት ይገናኛሉ። 4ና 7 ከአንድ በቀር የሚጋሩት አካፋይ ስለ ሌላቸው፣ ዕለትና ወንጌላዊ በአንድነት ወደ ጥንተ ቦታቸው የሚመለሱት 4 ጊዜ 7 በሆነው በ28 ዓመት ነው፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል። 19 ደግሞ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ከ28 ጋር አንዳች የሚጋራው ስለ ሌለ፣ ዕለት፣ ወንጌላዊና ጨረቃ ሦስቱም ተባብረው የሚመለሱት 28 ጊዜ 19 በሆነው በ532 ዓመት ነው። 19ኙን ንኡስ ቀመር፣ 76ቱን ማዕከላዊ ቀመር፣ 532ቱን ዐቢይ ቀመር ያሉት ሊቃውንት፣ በዘመኑ የትምህርት ቤት ቋንቋ ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለውን ነገር በሚገባ ያውቁ ነበር።

አሠራሩንም በአንድ ዓመት ብናሳይ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2016 ዓመተ ምሕረትን ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ደቀ መዝሙር 5500ን ጨምሮ 7516 ዓመተ ዓለም ይላል፤ ይህን በ19 ገድፎ፣ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ይዞ፣ 11 መደብ ያገኛል፤ ከመደቡ አንዱን ለዘመኑ ትቶ ወንበሩን 10 ያደርጋል፤ 10ን በ11 አብዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 20፣ በ19 አብዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑ 10 ሆኖ ይወጣለታል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸውም ለሥራው ትክክለኛነት ምስክር ይሆነዋል። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ቀን ስለ ዋለ የቅዳሜን ተውሳክ 8ን ጨምሮ መባጃ ሐመሩን 18 ይላል፤ ጾመ ነነዌን በየካቲት 18፣ የትንሣኤን ተውሳክ 9ን ጨምሮም ፋሲካን በሚያዝያ 27 ያውላል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ፍሬ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በጎንደር ያለው፣ በሐረር ያለው፣ በባዕድ አገር ያለውም ምእመን በአንድ ዕለት ጾም ይይዛል፣ በአንድ ዕለትም ይፈታል። ይኸው ጥበብ ናይሮቢ ሲደርስ የተሰጠው አገልግሎት ግን ሌላ ነበረ፤ በዚያ ልጆችን ከልጆች ለመለየት ዋለ። የሁለቱ አገልግሎት ልዩነት ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳው ደግሞ የከተማይቱ ታሪክ ነው።

በ1896 ከሞምባሳ የተነሣው የዩጋንዳ የባቡር ሐዲድ በ1899 በረግረጋማው ሜዳ ላይ ደርሶ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ደጋው የሚወጣው ዳገት ስለሚከብድ፣ መሐንዲሶቹ ለዕቃ ማከማቻና ለሠራተኞች ማረፊያ የመረጡት ሰፈር ነው ዛሬ ናይሮቢ የሚባለው፤ በ1905ም የእንግሊዝ ግዛት አስተዳደር መቀመጫውን ከሞምባሳ ወደዚህ አዛወረ። እንዲህ ያለች ከተማ ከሁሉ አስቀድሞ የምትፈልገው ሒሳብ የሚያውቅ ጸሐፊ ነበረ። የጭነቱ ዋጋ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመሬቱ ስፋት ሁሉ የሚሰላው በማይመቹ መስፈሪያዎች ነበርና፤ የሕንዱ ሩፒ በ16 አና፣ የእንግሊዙ ፓውንድ በ20 ሽልንግ፣ የእንግሊዙ ሽልንግ በ12 ፔኒ፣ ማይሉ በ1760 ያርድ፣ ያርዱ በ3 ጫማ፣ ጫማው በ12 ኢንች ይመነዘር ነበር። በእንደዚህ ያለ ዓለም አንድ አሥራ ሁለተኛን ከአንድ ሃያኛ ጋር መደመር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ለመደመርም ሁለቱን የሚያስታርቅ 60ን ማግኘት ያስፈልጋል፤ 60ን የሚያገኘውም 12ን በሁለት ሁለቶችና በአንድ ሦስት፣ 20ን በሁለት ሁለቶችና በአንድ አምስት መፍታት የቻለ ሰው ነው። ካልኩሌተር ባልተፈጠረበት በዚያ ዘመን፣ በእንግሊዝ የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የጋራ አካፋይና የጋራ ብዜት ከክፍልፋይ በፊት መቀመጣቸው ከዚህ የተነሣ ነበር፤ ከመጻሕፍቱም ጋር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻገሩ።

ነገር ግን መጽሐፉ አንድ ቢሆን ትምህርት ቤቱ አንድ አልነበረም። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ትምህርትን በዘር ከፍሎ፣ ለአውሮፓውያን ልጆች በ1931 የተከፈተውንና ዛሬ ናይሮቢ ስኩል የሚባለውን የፕሪንስ ኦቭ ዌልስ ትምህርት ቤት፣ በ1949ም ዛሬ ሌናና የሚባለውን የዱክ ኦቭ ዮርክ ትምህርት ቤት አቆመ፤ የሕንዳውያን ልጆች ዛሬ ጃምሁሪ በሚባለውና ያን ጊዜ በዱክ ኦቭ ግሎስተር ስም በሚጠራው ይማሩ ነበር፤ አፍሪካውያኑ ግን በአብዛኛው በሚሲዮናውያን እጅ ተተዉ። ለአፍሪካውያኑ ልጆች የተሠራው መሰላል አራት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ እንደ ገናም አራት ዓመት ሲሆን፣ በየእርከኑ መጨረሻ ፈተና ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አራት ዓመት ብቻ የተማረ ሕፃን የመጀመሪያውን የውድድር ፈተና ይቀበላል፤ ያን ያለፈ በስምንተኛው ዓመት የኬንያ አፍሪካውያን የመግቢያ ፈተና የተባለውን ይቀበላል፤ ከዚያም ያለፉት ጥቂቶች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ። የኤራቶስቴንስ ወንፊት በየዙሩ አንድ ወገን ቁጥር እየሰረዘ እንደሚሄድ፣ ይህም መሰላል በየእርከኑ ብዙ ልጆችን ይሰርዝ ነበር፤ ልዩነቱ ግን የኤራቶስቴንስ ስረዛ በቁጥሩ ጠባይ ሲሆን፣ የዚህኛው በወንበር ማነስ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ጥቂቶች የሚበዙት ይጓጉለት የነበረው ትምህርት ቤት፣ የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባብረው በ1926 ከናይሮቢ ብዙ ሳይርቅ በኪኩዩ ያቋቋሙት አላያንስ ሃይስኩል ነው። በዚያው በ1926 በአሜሪካ ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ መሰጠቱን ለኋላው ታሪክ ስንል እናስታውስ። አላያንስን ከ1940 እስከ 1962 በርእሰ መምህርነት የመሩት ኤድዋርድ ኬሪ ፍራንሲስ በካምብሪጅ በፒተርሃውስ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ ያንንም የተከበረ መዓርግ ትተው በ1928 በምዕራብ ኬንያ ወደምትገኘው ወደ ማሴኖ በሚሲዮናዊነት የመጡ ሰው ናቸው። በጥብቅ ሥርዓታቸው የታወቁት እኒህ ሰው ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የሒሳብ መጻሕፍትን ጽፈዋል፤ ከርእሰ መምህርነታቸው ከተሰናበቱ በኋላም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በናይሮቢ በፑምዋኒ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆነው ሲያገለግሉ በ1966 ዐርፈዋል። ከደቀ መዛሙርታቸው ብዙዎቹ በነጻይቱ ኬንያ የሚኒስትርነትና የከፍተኛ ሹመት ባለቤቶች ሆኑ፤ ስለዚህ ያችን አገር ከመሠረቷት ሰዎች መካከል ቀላል የማይባሉት የቁጥርን መፍታት ከአንድ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ የተማሩ ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሁለተኛ ደረጃው ፍጻሜ የካምብሪጅ የምስክር ወረቀት ፈተና ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝ አገር ተዘጋጅቶ፣ ታትሞና ታሽጎ በመርከብ ወደ ሞምባሳ ይመጣል፤ መልሱም እንደ ገና ታሽጎ ለእርማት ወደ እንግሊዝ ይጓዛል፤ ተማሪውም ውጤቱን ወራት ያህል ሲጠባበቅ ይኖራል። የታሪኩ ጥያቄ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት፣ የሥነ ጽሑፉ ጥያቄ ስለ እንግሊዝ ደራስያን በነበረበት በዚያ ወረቀት ውስጥ፣ 1728ን ፈትተህ ኩባዊ ሥሩን አውጣ የሚለው ጥያቄ ብቻ የማንም አገር ተወላጅ አልነበረም፤ ስድስት ሁለቶችና ሦስት ሦስቶች ያሉበት ቁጥር መልሱ በለንደንም በኪኩዩም 12 ነው። የጥያቄው አንዱ የጽናት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከባዕድ ቢመጣም ባዕድነት አልነበረውምና፣ ነጻነት በመጣ ጊዜ የሚጥለው ሰው አልተገኘም።

በ1963 ኬንያ ነጻ ስትወጣ፣ በማግስቱ በፕሮፌሰር ሲሜዎን ኦሚንዴ የተመራው የትምህርት ኮሚሽን በ1964 ሪፖርቱን አቅርቦ በዘር የተከፈለው ትምህርት አንድ እንዲሆን አሳሰበ፤ የሦስቱም ዘር ልጆች በአንድ የመግቢያ ፈተና እንዲፈተኑ ሆነ፤ ያም ፈተና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲ.ፒ.ኢ. ተብሎ የእንግሊዝኛን፣ የሒሳብንና የጠቅላላ ዕውቀትን ሦስት ወረቀቶች ይዞ እስከ 1984 ቆየ። ቀድሞ በዘር የተዘጋው በር አሁን ለሁሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን የሚያንኳኳው ሕዝብ እጅግ ሲበዛ በሩ ያው ጠባብ ነበር። መንደርተኛው ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቶ ሐራምቤ የሚባሉትን ትምህርት ቤቶች በየቦታው የሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሆኖም መንግሥት የሚያስተዳድራቸውን የታወቁትን ትምህርት ቤቶች የሚያህል አልተገኘም፤ ስለዚህ የአንዲት ነጥብ ብልጫ የሕይወት መንገድ የምትለይ ሆነች።

ይህን ያህል ሕዝብ በአጭር ጊዜ ለማረም ሲባል መልሱን ከተሰጡት አራት ምርጫዎች መካከል በእርሳስ ምልክት ማድረግ ልማድ ሆነ፤ በዚህም የፈተና አውጪው ጥበብ አዲስ መልክ ያዘ። ለምሳሌ 36፣ 48ና 60 ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሦስት ገመዶች፣ ትራፊ ሳይኖር፣ እኩል ወደ ሆኑ ቁራጮች ለመቁረጥ የሚቻለው ከሁሉ የረዘመው የቁራጭ ርዝመት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሁለት ሁለቶችና አንድ ሦስት ያሉበት 12 ነው። ከጎኑ የሚሰለፉት ሐሰተኛ መልሶች ግን በዘፈቀደ የተጻፉ አይደሉም፤ 4 የሚለው ሦስትን የረሳውን ልጅ ይጠብቃል፤ 6 የሚለው 2 በሦስቱም ቁጥሮች ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መገኘቱን የዘነጋውን ይጠብቃል፤ 720 የሚለው ደግሞ የጋራ አካፋይ ሲጠየቅ የጋራ ብዜት ያወጣውን ይጠብቃል። እንደዚሁም ማታቱ የሚባሉ ሦስት የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ከአንድ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ተነሥተው፣ አንዱ በየ12፣ ሁለተኛው በየ18፣ ሦስተኛው በየ20 ደቂቃ ቢመላለሱ፣ ዳግመኛ በአንድነት የሚነሡት መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ 180 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ነው። የባሕረ ሐሳብ ደቀ መዝሙር በዚህ ጥያቄ ፊት ቢቀመጥ፣ የማታቱው ምልልስ ከዕለት፣ ከወንጌላዊና ከጨረቃ ምልልስ ጋር በጠባዩ አንድ መሆኑን ለማስተዋል ብዙ አይቸገርም ነበር።

የኢትዮጵያና የኬንያ የሒሳብ ትምህርት በአንድ መንገድ የተጓዘበትም ዘመን ነበር። በ1962 በዩጋንዳ በእንቴቤ ከተማ፣ የአሜሪካ የትምህርት ድርጅት ባዘጋጀውና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ቴድ ማርቲን በመሩት ጉባኤ፣ እንግሊዝኛን ለትምህርት ከሚገለገሉ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ መምህራን ተሰብስበው አዲስ የሒሳብ መጻሕፍትን መጻፍ ጀመሩ፤ ኢትዮጵያና ኬንያም ከተሳታፊዎቹ አገሮች መካከል ነበሩ፤ መጻሕፍቱም በሁለቱም አገሮች የእንቴቤ ሒሳብ ተብለው ታወቁ። በዚህ አዲስ ሒሳብ ቁጥር መፍታት ለክፍልፋይ መደመሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ስለ ቁጥር ጠባይ ለመመራመር የሚያገለግል ሆነ፤ በ12 ወይም በ7 እየገደፉ የሚቈጥሩበት የሰዓት ሒሳብም ለልጆች ቀረበ። የሚያስገርመው ነገር፣ ይህ የመግደፍ ሒሳብ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አዲስ ጥበብ ሲቀርብ፣ በዚያው ከተማ በየደብሩ ያሉት መምህራን በ7፣ በ19ና በ30 ሲገድፉ ዘመናትን ያስቆጠሩ መሆናቸውን የመማሪያው መጽሐፍ አለማንሣቱ ነው። በኬንያም ወላጆች የልጆቻቸውን የቤት ሥራ መረዳት ተስኗቸው አዲሱን ሒሳብ አማረሩ፤ መምህራኑም በበቂ አልሠለጠኑበትም ነበርና፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን ቀረ። የሰዓቱ ሒሳብ ሲሄድ ግን የብቸኛ ቁጥሮች ጥያቄ በቦታው ቆየ፤ አሮጌውም አዲሱም ሒሳብ እኩል የሚያስፈልገው ነበርና።

በ1980 የኬንያ ብሔራዊ የፈተናዎች ምክር ቤት በሕግ ተቋቋመ፤ ጥያቄውን በናይሮቢ የሚያዘጋጀው፣ መልሱንም በአገር ውስጥ የሚያሳርመው እርሱ ሆነ። በ1985 ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚለው ሥርዓት ሲተከል ኬ.ሲ.ፒ.ኢ. የተባለው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ተጀመረ፤ በ1989ም የመጀመሪያው የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና ለሁለተኛ ደረጃ ፈጻሚዎች ተሰጠ። በኬ.ሲ.ፒ.ኢ. የሒሳብ ወረቀት 50 ጥያቄዎች ይቀርቡ ነበር፤ በኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ደግሞ ያለ ካልኩሌተርና ያለ ሠንጠረዥ ሥራ የሚል ትእዛዝ በተጻፈበት ስፍራ፣ ለምሳሌ የ7056ን ካሬ ሥር ማውጣት የፈለገ ተማሪ ቁጥሩን በአራት ሁለቶች፣ በሁለት ሦስቶችና በሁለት ሰባቶች ፈትቶ 84 ከማለት የተሻለ መንገድ የለውም። ካልኩሌተር በየኪሱ ከገባ በኋላ እንኳ ጥያቄው የጸናው፣ መሣሪያው የሚሰጠው መልሱን ሲሆን ፈተናው የሚፈልገው የቁጥሩን አሠራር ያወቀን ልቡና ስለ ሆነ ነው።

በዚህ ዙሪያ በከተማይቱ ትልቅ ንግድ በቀለ። በ1964 የተቋቋመውና በኪጃቤ ጎዳና የሚገኘው ቴክስት ቡክ ሴንተር በትምህርት ዓመት መግቢያ ወላጆችና ልጆች የሚጋፉበት ሆነ፤ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከነመልሳቸው ተጠርዘው በመጻሕፍት ቤትም በመንገድ ዳርም ይሸጡ ጀመር፤ በዕረፍት ወራት በክፍያ ማስጠናት እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ የ2013ቱ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ እስከ መከልከል ደረሰ። በእነዚያ የጥናት መጻሕፍት ልጁ የሚማረው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ከቃላቱ ማወቅ ብቻ ነበር፤ ዳግመኛ በአንድነት የሚል ካየህ ብዜት፣ ትራፊ ሳይኖር የሚል ካየህ አካፋይ አውጣ ይባላል፤ ልጁም መልሱን ያገኛል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን ቢጠየቅ ዝም ይላል። ይህ ለፈተናው በቂ ቢሆንም ለዕውቀት በቂ አልነበረም፤ ጥያቄው ሲጣመም ወይም ቃሉ ሲለወጥ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ልጅ ይወድቃልና።

ወገኖቻችን ወደ ኬንያ የገቡበት ታሪክ ረጅም ነው፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን ድንበር ተሻግረው በኢሲዮሎና በታቬታ ሰፈሮች የተጠለሉ ነበሩ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላም፣ ይልቁንም ቀይ ሽብር በበረታባቸው ዓመታት፣ ብዙዎች በእግር ተጉዘው ናይሮቢ ደረሱ፤ ከእነርሱም ሆነ ከእነርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ኢስሊ በሚባለው የከተማይቱ ክፍል ሠፈሩ። በአዲስ አበባ ለማትሪክ ሲዘጋጅ የነበረ ወጣት በኢስሊ ጠባብ ክፍል ሌላ ፈተና ያዘ፤ አንዱ የኬንያውን፣ ሌላው የለንደኑን፣ ሌላው ወደ አሜሪካ የሚያሻግረውን ኤስ.ኤ.ቲ. ወይም ለንግድ ሥራ ትምህርት የሚጠየቀውን ጂ.ማት አጠና። በቋንቋው ወረቀት ቢቸገርም በሒሳቡ ወረቀት ላይ የሚያውቀውን ነገር ያገኝ ነበር። በእነዚህ የአሜሪካ ፈተናዎች ጠባይ፣ ከ1 ጀምሮ እስከ አንድ ቁጥር ድረስ ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ ተባዝተው ውጤቱ በ532 ያለ ቀሪ ቢካፈል፣ ያ የመጨረሻው ቁጥር ቢያንስ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። 532ን በሁለት ሁለቶች፣ በአንድ 7ና በአንድ 19 የፈታ ተማሪ፣ ሁለቶቹና 7ቱ አስቀድመው እንደሚገኙ፣ 19 ግን ብቸኛ ስለ ሆነ ራሱ እስኪደርስ ድረስ እንደማይገኝ ያስተውልና 19 ብሎ ይመልሳል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን ግን ዐቢይ ቀመርን ሰምቶ ንኡስ ቀመርን ለመመለስ እርሳስ እንኳ ማንሣት አያስፈልገውም ነበር።

በ2003 አንደኛ ደረጃ ትምህርት በኬንያ ያለ ክፍያ ሆነ፤ ከ2018 ጀምሮም ኬ.ሲ.ፒ.ኢ.ን የተቀበለ ልጅ ሁሉ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲያልፍ መንግሥት ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ፈተናው የሚወስነው ልጁ መማሩን መሆኑ ቀርቶ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ብቻ ሆነ። በ2023 ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች የመጨረሻውን ኬ.ሲ.ፒ.ኢ. ተቀበሉና የ38 ዓመት ታሪኩ ተዘጋ፤ በብቃት ላይ የተመሠረተ የተባለው አዲሱ ሥርዓትም ቦታውን ያዘ። በአዲሱም ሥርዓት የ7ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ውስጥ ቁጥርን በብቸኛ አባዢዎች መፍታት፣ ትልቁን የጋራ አካፋይና ትንሹን የጋራ ብዜት ማውጣት እንደ ቀድሞው ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስናጤን፣ በናይሮቢ ለብዙ ትውልድ የጭንቀት ምክንያት የሆነው ጥያቄ በራሱ ጭንቀት የሌለበት፣ ለእንግሊዝ ሎርድ ልጅና ለማሳይ እረኛ ልጅ እኩል የተገለጠ ንጹሕ ጥበብ መሆኑን እንረዳለን። ልጆችን የለያየው ቁጥሩ ሳይሆን መጀመሪያ የዘር ሕግ፣ ቀጥሎ የወንበር ማነስ ነበር፤ ወንበሩ በበዛ መጠንም ያው ጥያቄ ክፋቱ እየቀነሰ መምጣቱ ለዚህ አባባል ማስረጃ ነው። የእኛ ሊቃውንት በዚሁ ጥበብ ሕዝብን በአንድ ዕለት ለማሰባሰብ መጠቀማቸው ከናይሮቢ መምህራን ይልቅ ደጎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ በዓልን የሚያህል ለሁሉ የሚበቃ ነገር በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁን ለፈተና ሲያዘጋጅ፣ ያለፉትን ወረቀቶች ከማስደገሙ አስቀድሞ፣ 4፣ 7ና 19 ተባብረው ስለ ምን በ532 እንደሚመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ መምህር ዘንድ ቢያስረዳው፣ ልጁ ከአራቱ ምርጫዎች ትክክለኛውን የሚለይበትን ምክንያት ያውቃል፤ ምርጫ በማይሰጥበት ጥያቄ ፊት በቆመ ጊዜም መልሱን ከራሱ ያወጣል።